ከጣሪያው ጀምር

"ቤት የሚሠራ ሰው ይጀምራል ከሥር፣
ጎማ ያለው ቤት ግን፣ ከጣሪያው ጀምር"
አለችኝ ቶርዲስ፣ መሰላል ተመርኩዛ፣
ገንዘቤን ተቀብላ ቁልፉን ግን ይዛ።

ጊምሊ ነው፣ ማኒቶባ፣ የሐይቁ ዳር መንደር፣
አያቶቿ ከአይስላንድ የሰፈሩበት አገር።
እኔ ኦርቪል፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጽዳት፣
ጡረታ ወጣሁና ገዛሁ ተጓዥ ቤት።

የኔ ሐሳብ መንዳት፣ ተራራውን ማየት፣
የሷ ግን ስንጥቅን ዳስሶ መለየት።
"ይኸ ነጭ ማሸጊያ፣ ጠርዙ የደረቀ፣
እንደ ሐሩር ከንፈር የተሰነጠቀ፣
ፍቀህ አንሣውና አዲሱን ቀባበት፤
ውሃ በር አያሻው፣ በቂው ናት ለመግባት
ፀጉር የምታህል አንዲት ቀጭን ክፍተት።"

ወረድን። ጎማው ዘንድ በጉልበቷ ሆነች፣
ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ እኔን ግን ቀደመች።
"አምሯል ብለህ አትለፍ፣ ጥርሱን አትቁጠር፣
ጎኑ ላይ አንብባት ያቺን አራት ቁጥር፤
የተሠራበትን ሳምንት ከነዓመቱ ይነግርሃል፣
ቆሞ የዋለ ጎማ ሳይሄድም ያረጃል።
እንደ መጀመሪያ ባሌ" ብላ ሳቀች ለብቻዋ፣
ዳዶውን በቁልፍ እያጠበቀች በእጇ።

ለጋዙ መስመር ደግሞ ሳሙና በጥብጣ
በብሩሽ ቀባችው፤ "አረፋ ከወጣ
ክብሪት እንዳትጭር! ዝጋ፣ ውጣ፣ ሰው ጥራ፤
ጀግንነት ሌላ ቦታ፣ ጋዝን ግን ፍራ።"

አይጥ፣ አለች፣ የብርድ ወራት ተከራይ ናት፣
ኪራይ አትከፍልም፣ የሽቦ ልባስ ነው ራት፤
በድስት መፈተጊያ ቀዳዳውን ጠቅጥቅ።
(ይኸን ስትነግረኝ፣ ፊቷ ላይ የለም ሣቅ።)

ስለ ፍሳሹማ ምን ብዬ ልናገር!
"ጓንትህን አጥልቅ፣ አትቸኩል በነገር፤
መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ግራጫው ቀጥሎ፣
ቱቦውን ያጥበዋል የሳህን እጣቢው ሁሉን ጠቅልሎ።"
እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ሽንት ቤት ያጠብሁ፣
ተማሪ ሆኜ ቆምሁ፣ ጓንቴን አጠለቅሁ።

ሲመሽ ቁልፉን ሰጠች። "አንድ ቀርታኛለች፤
ውርጭ ሳይቀድምህ፣ ቧንቧው ይድረቅ" አለች።
"እሺ" አልኋት።
እሺ ለማለት ጉልበት አያስፈልግም።

ሄድሁ። ተራራውን አየሁ። ዝናብ ወረደብኝ፣
ከጣሪያው አንድ ጠብታ እንኳ አላገኘኝ።
ተመለስሁ። ጥቅምትም ሞቅ ብሎ አታለለኝ፣
"ነገ አደርገዋለሁ" አልሁ ደጋግሜ፣
ሐይቁን እያየሁ፣ ወንበር ላይ ተጋድሜ።

አንድ ሌሊት ወርዶ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች
ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧዬ ነበረች።
ረፋድ ላይ፣ በረዶው ሟሙቶ ሲላላ፣
ፍራሼን አረጠበው የነገዬ ዕዳ ሌላ።
ከጣሪያው ጠብ አላለም፤ ከአልጋው ሥር ጠብ አለ፤
በኔና በእሺታዬ መካከልም ጠብ አለ።

ደወልሁላት። መጣች፣ ፀጉር ማድረቂያ ይዛ፣
አንድ ክንድ ቧንቧና መጋዝ በቅርጫት ይዛ።
"ነግሬህ አልነበር?" የምትለኝን ቃል ጠበቅሁ።
አላለችም።
ፍራሹን አነሣች፣ ጣውላውን ገለጠች፣
"አብራ" አለችና፣ ባትሪ ሰጠች።

ከተሰነጠቀው ቧንቧ አንድ ስንዝር ወዲያ
ሌላ ጥገና አለ፣ ያረጀ መጣፊያ፣
በመዳብ ቀለበት የታሰረ ጠምዝዞ፣
ላዩ ላይ በብዕር ቀን ተጽፎ፣ ደብዝዞ፦
ጥቅምት።
እሷ የገዛችበት የመጀመሪያው ዓመት።

"ያቺ የኔ ነገ ናት" አለች ቀስ ብላ።
ብዕሩን ሰጠችኝ፣ ሥራውን ጨርሳ፣ እጇን አብሳ፣
እኔም ከጎኗ ቀኑን ጻፍሁ፣
ፊደሌ ተንቀጠቀጠ፣ ብርድ ነው አልሁ።

ሮዝ አንቲፍሪዙ በቧንቧዎቹ ዞሮ
በማጠቢያው ወጣ፣ እንደ ሽሮፕ አሮ።
"በል" አለች፣ ኮቷን ለብሳ፣ "መሰላሉን አምጣው፤
በረዶ ሳይጥልበት ጣሪያውን እንየው።"